የኢድሂ ፋውንዴሽን፦ ከአንዲት ጠባብ ክፍል የተነሳ የሰደቃ ተቋም

የፓኪስታን ትልቋ ከተማ ካራቺ ናት። በከተማዋ ሚታደር የሚባል አሮጌ ሰፈር ውስጥ የኢድሂ ፋውንዴሽን ዋና ቢሮ ይገኛል። የተራበን ማብላት፣ መጠለያ ያጣን ማሳደር፣ የተጣለን ሕፃን ማንሳት፣ ጠያቂ የሌለውን ጀናዛ አጥቦ መቅበር፤ ይህ ሁሉ ሥራ ሲመራ የኖረው ከዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ ተቋሙ እንዴት እንደተመሠረተ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን ተቃውሞ እንደገጠመውና እኛ ምን ልንማርበት እንደምንችል ባጭሩ እናያለን።

መሥራቹ ማን ነበሩ?

አብዱል ሰታር ኢድሂ እ.ኤ.አ. በ1928 በሕንድ ጉጃራት፣ ባንትቫ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው ሜመን ከሚባለው የሙስሊም ነጋዴዎች ማኅበረሰብ ነው። ትምህርት ቤት ሲሄዱ እናታቸው ሁለት ሳንቲም ይሰጧቸው ነበር፤ አንዱ ለራሳቸው፣ ሌላው ለተቸገረ ልጅ። ማታ ሲመለሱም «የሰውየውን ድርሻ ለማን ሰጠህ?» ብለው የሚጠይቁ እናት ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ልጃቸውን ሰደቃ ያስተማሩት በቃል ሳይሆን በተግባር ነውና።

ኢድሂ የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው ሽባ ሆኑ። ልጅየው እያጠቡ፣ እያበሉና ልብስ እየቀየሩ እስከ ሕልፈታቸው ድረስ አስታመሟቸው። ድሃ ሲታመም ማን ያስታምመዋል የሚለው ጥያቄ በልባቸው የተተከለው ያን ጊዜ እንደነበር ራሳቸው ይናገሩ ነበር።

አጀማመሩ

እ.ኤ.አ. በ1947 ሕንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ቤተሰቡ ወደ ካራቺ ተሰደደ። ኢድሂ መንገድ ላይ እቃ እያዞሩ ይሸጡ ነበር። ቆይተው የማኅበረሰባቸው በጎ አድራጊዎች ባቋቋሙት የነፃ መድኃኒት ማደያ ውስጥ አገለገሉ። ማደያው የሚረዳው ሜመኖችን ብቻ መሆኑን ሲያዩ ግን ተቃወሙ። ችግር ዘር አይመርጥም፣ እርዳታውም መምረጥ የለበትም አሉ። ተቃውሟቸው ሰሚ ባጣ ጊዜ ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1951 በሚታደር አንዲት ጠባብ ክፍል ገዙና የራሳቸውን ማደያ ከፈቱ። ሌሊት የሚመጣ በሽተኛ እንዳያጣቸው ከበሩ ደጃፍ በሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ያድሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1957 የኤሽያ ኢንፍሉዌንዛ የሚባለው ወረርሽኝ ካራቺን ሲመታ ድንኳን ተክለው ሕሙማንን በነፃ አከሙ። ይህን ያየ አንድ ባለሀብት በሰጣቸው ገንዘብ አሮጌ መኪና ገዙ። የመጀመሪያው አምቡላንሳቸው ይህ ነበር፤ ሾፌሩም ራሳቸው ነበሩ። ዛሬ የተቋሙ አምቡላንሶች ከአንድ ሺህ በላይ ሲሆኑ በመላው ፓኪስታን በ115 ስልክ ይጠራሉ።

ምን ይሠራል?

የተቋሙ አገልግሎት በአራት ሊጠቃለል ይችላል።

1. ማብላት። ለድሆችና ለመንገደኞች የበሰለ ምግብ ያቀርባል፤ በጎርፍና በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜም አስቤዛ ያደርሳል።

2. ማስጠለል። «የኢድሂ ቤት» የሚባሉት መጠለያዎች ጎዳና ላይ የወደቁትን፣ የአእምሮ ሕሙማንን፣ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን፣ ከቤት የተባረሩ ሴቶችንና የቲሞችን ይይዛሉ።

3. ሕሙማንን ማመላለስ። አምቡላንሱ የተጠራበትን ሰው ሃይማኖት አይጠይቅም። ክርስቲያንና ሂንዱ ለምን ትጭናለህ ብለው ለወቀሷቸው ሰዎች ኢድሂ፣ አምቡላንሴ ከእናንተ የበለጠ ሙስሊም ስለሆነ ነው የሚል መልስ እንደሰጡ ይታወቃል።

4. ጀናዛን መቅበር። ጠያቂ ያልመጣለትን አስከሬን አጥበው፣ ከፍነውና ሰግደውበት በተቋሙ መቃብር ያሳርፉታል። ስሙ ካልታወቀ መቃብሩ ላይ ቁጥር ይደረግለታል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 ረመዳን ላይ ካራቺን የመታው ሙቀት ከ1,000 በላይ ሰዎችን ሲገድል የተቋሙ የአስከሬን ማቆያ ከአቅሙ በላይ ሞልቶ ነበር።

የተጣሉ ሕፃናትና የተነሳው ክርክር

ከኢድሂ ማዕከላት ደጃፍ የሕፃን አልጋ ይቀመጣል። ሕፃኑን አትግደሉ፣ እዚህ አስቀምጡት የሚል መልእክትም ተጽፎበታል። የሚያስቀምጠውን ሰው ማንም አይጠይቀውም። ይህን ሥራ የመሩት ነርስ የነበሩት ባለቤታቸው ቢልቂስ ኢድሂ ናቸው። በዚህ መንገድ ከሞት የተረፉት ሕፃናት በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ።

አንዳንድ የሃይማኖት ሰዎች ግን ይህ ዝሙትን ያበረታታል ሲሉ አጥብቀው ነቀፉ። ክርክሩን በፊቂህ ዓይን ማየት ተገቢ ነው። የፊቂህ ኪታቦች «ለቂጥ» ማለትም ተጥሎ ስለተገኘ ሕፃን ራሱን የቻለ ምዕራፍ አላቸው። ኡለማዎች ለጥፋት የተጋለጠን ሕፃን ማንሳት ፈርድ ኪፋያ ነው ይላሉ፤ ማንም ካላነሳው የአካባቢው ሰው ሁሉ ይጠየቃል። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) የተጣለ ሕፃን አግኝቶ ላመጣላቸው ሰው የሕፃኑ ቀለብ ከመንግሥት ግምጃ ቤት እንደሚሸፈን እንደነገሩት በሙወጠእ ተዘግቧል። ሕፃኑ በወላጆቹ ኃጢአት አይጠየቅም። አልጋው ዝሙትን የሚፈቅድ ሳይሆን ከዝሙት በኋላ ሊከተል የሚችለውን ነፍስ ግድያ የሚከላከል ነው።

ሊጠነቀቁበት የሚገባም አለ። ኢስላም የቲምን ማሳደግን (ከፋላን) አጥብቆ ያበረታታል፤ የልጁን ዘር ቀይሮ የራስ ልጅ ማስመሰልን ግን ይከለክላል። በሱረቱል አሕዛብ አባቶቻቸው ያልታወቁ የሃይማኖት ወንድሞቻችን መሆናቸው ተገልጿል። ሕፃናትን ለአሳዳጊ የሚሰጥ ማንኛውም ተቋም ይህን ድንበር መጠበቅ አለበት።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

ኢድሂ የመንግሥት ገንዘብ አይቀበሉም ነበር። ምንጫቸው የተራው ሕዝብ ዘካ፣ ሰደቃ፣ ፊጥራና የኡድሂያ ቆዳ ነው። ራሳቸው መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ለድሆች ይለምኑ ነበር፤ አላፊ አግዳሚውም ያለውን ይጥልላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በልጅነቷ ድንበር አቋርጣ የጠፋችና መስማትም መናገርም የማትችል ሕንዳዊት ወጣት፣ ከአሥር ዓመት በላይ በኢድሂ ቤት በሃይማኖቷ ኖራ ወደ አገሯ ስትመለስ የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር 10 ሚሊዮን ሩፒ ሊሰጧቸው ነበር። ኢድሂ አመስግነው አልተቀበሉም።

ከዚያ አንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2014፣ የታጠቁ ዘራፊዎች ቢሮውን ሰብረው በአደራ የተቀመጠ ወርቅና ገንዘብ ዘርፈዋል። የዘራፊዎቹ ድፍረት አገሩን ቢያሳዝንም ሕዝቡ በመስጠቱ ቀጠለ። ለምን? ሰውየው የሚኖሩት ከቢሮው ጀርባ ባለች ክፍል፣ ከሁለት ቅያሪ ልብስ ጋር እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ስለነበር ነው።

ከመሥራቹ በኋላ

ኢድሂ ኩላሊታቸው ሲደክም ውጭ አገር ታከሙ ቢባሉ እምቢ ብለው በአገራቸው ታከሙ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 8 ቀን 2016 በ88 ዓመታቸው አረፉ፤ ከዓመታት በፊት ባዘጋጁት መቃብርም ተቀበሩ። ቢልቂስም በ2022 ተከተሏቸው። ተቋሙን አሁን የሚመሩት ልጃቸው ፈይሰል ናቸው። አባታቸው በሞቱ ማግስት የእርዳታው መጠን መቀነሱን ተናግረዋል። በአንድ ሰው ስም የቆመ እምነት ወደ ተቋም እምነት መሸጋገር ምን ያህል እንደሚከብድ ይህ ያሳያል።

ለእኛ ምን ይላል?

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ዴስክ ላይ የሚደፋ ተማሪ ነበረኝ። ሰነፍ ነው ብዬ ብዙ ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ። ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ቤታቸው ከመስጂዱ ጀርባ ነበር። በየጁሙዓው በር ላይ ሰደቃ እንሰጣለን፤ እጁን ያልዘረጋውን ጎረቤት ግን ማንም አልመዘገበውም።

የኢድሂ ታሪክ ሦስት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፣ ሥራ ለመጀመር ሕንፃ አያስፈልግም፤ አንዲት ክፍልና በሩ ላይ የሚያድር ሰው ይበቃል። ሁለተኛ፣ ዘካ ስምንት ባለመብቶች እንዳሉት ሁሉ አደራረሱም ሥርዓት ይፈልጋል። የየመስጂዱ ኮሚቴ በአካባቢው ያሉትን የቲሞች፣ አረጋውያንና ቤት አልባዎች ገመናቸውን ጠብቆ ቢመዘግብ ግማሹ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የሰው እምነት የሚገኘው የተሰበሰበውና የወጣው ሒሳብ በግልጽ ሲነገርና ኃላፊው ከሕዝቡ ገንዘብ እጁን ሲሰበስብ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) መልካም ሥራቸውን ይቀበላቸው፤ እኛንም የጎረቤታችንን ረሃብ ሳንጠየቅ የምናውቅ ያድርገን። አሚን።