ድንጋይ ያልተዉልን ከተሞች



በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሻየር፣ ዋረም ፐርሲ የምትባል ጠፍ መንደር አለች። ሞሪስ ቤረስፎርድና ጆን ኸርስት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለ40 ዓመታት ያህል በየበጋው አጥንተዋታል። ነዋሪዎቿ በ1500 ገደማ ለቀዋት ሄዱ፤ የእህሉ ማሳ የበግ ግጦሽ ሆነ። የቤቶቿ መሠረት ግን ከሣሩ ሥር ጎበጥ ብሎ ዛሬም ይታያል።

የእኛ ምድር እንዲህ በግልጽ አትናገርም። በ15ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ቬኒስ ውስጥ የተሠራው የፍራ ማውሮ ካርታ በራራን የኢትዮጵያ ነገሥታት ዋና ከተማ አድርጎ አስፍሯታል። ከኢማም አሕመድ ዘመቻ በኋላ ስሟ ጠፋ። ምሁራን ከወጨጫ እስከ የረርና ዝቋላ ባለው አገር ይፈልጓታል። እኔ ግን «የት ነበረች?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «እንዲህ ያለች ከተማ ምን ትታ ትሄዳለች?» ብለን መጠየቅ ይገባናል እላለሁ። ከተማ የሚለው ቃላችን ራሱ ቀድሞ የጦር ሰፈር ማለት ነበር። ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቹጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የገለጸው የዐፄ ልብነ ድንግል መናገሻም በሥርዓት የተተከለ የድንኳን ሰፈር ነው፤ ማገዶና ግጦሽ ሲያልቅ ተነቅሎ የሚሄድ። ለድንኳን የግንብ ፍርስራሽ መፈለግ፣ ባልዘሩት ማሳ አዝመራ እንደመጠበቅ ነው።

ታዲያ ከየት እንጀምር? እዚሁ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አዲስ ዓለም አለች። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ገደማ የአዲስ አበባ እንጨት እየተመናመነ ሲሄድ አዲሲቱ መናገሻ ትሁን ብለው ማሠራት ጀመሩ። ብዙም ሳይቆዩ ሐሳባቸውን ለወጡ፤ ባሕር ዛፍም አዲስ አበባን አቆያት። ቤተ መንግሥቱ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። በዙሪያው ሰፍሮ የነበረው ሕዝብስ ምን ትቶ ሄደ? አመድ፣ የሸክላ ስባሪ፣ የከብት አጥንት፣ የምሰሶ ጉድጓድ። ዕለት ዕለት ማረሻና የቤት መሠረት የሚያጠፉትም ይህንኑ ነው።

ዘመኑንም ምክንያቱንም የምናውቀው ይህ ሰፈር በአፈር ውስጥ ምን እንደሚመስል አስቀድመን ብንለይ፣ ዘመኑን ለማናውቀው የበራራ ዓይነት ሰፈር መለኪያ ይሆነናል። የደንዲ ሐይቅ ደለልም ለዘመናት ያከማቸው የአበባ ብናኝ ደኑ መቼ እንደተመነጠረ ይመሰክራል። ቁፋሮ ፈቃድና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከታረሰ ማሳ ላይ የሸክላ ስባሪ መመዝገብ ግን የገበሬውን ይሁንታ፣ የባለሥልጣን ፈቃድ፣ ካርታና አንድ በጋ ብቻ ነው የሚፈልገው።