የስሜን ተራሮች አፈርና የፕሮፌሰር ሃንስ ሁርኒ ምርምር

ከጎንደር ከተማ ተነስቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ኮሶዬ ሲደርስ ተጓዡ በአንድ ወገን ጥልቅ ገደል፣ በሌላው ወገን ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚበቅልባቸውን የደጋ ማሳዎች ይመለከታል። ማሳዎቹ የተንጣለሉት በተዳፋት መሬት ላይ በመሆኑ የክረምቱ ዝናብ በጠነከረ ቁጥር ከላያቸው ላይ አፈር ይዞ ይወርዳል። በየዓመቱ የሚታጠበው አፈር ምን ያህል እንደሆነና ተፈጥሮ መልሳ ለመተካት ምን ያህል ጊዜ እንደሚያስፈልጋት በልኬት ለማወቅ ከተደረጉት ቀደምት ጥናቶች አንዱ የተጀመረው በዚሁ አካባቢ፣ በስሜን ተራሮች ነው።

ጥናቱን ያካሄዱት ስዊዘርላንዳዊው የጂኦግራፊ ምሁር ፕሮፌሰር ሃንስ ሁርኒ ናቸው። ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ወደ ስፍራው በመምጣት በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዋርደንነት ያገለገሉ ሲሆን፣ ከዚሁ ጎን ለጎን በፓርኩ ውስጥ በሚገኘው የጅንባር ሸለቆ የአፈር መሸርሸርን አጥንተዋል።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ራስ ደጀንን የያዙት የስሜን ተራሮች በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ በወጣ ዓለት የተገነቡ ናቸው። የፕሮፌሰር ሁርኒ ጥናት እንደሚያመለክተው ከ10 ሺህ ዓመታት በፊት ባበቃው ቀዝቃዛ ዘመን ከፍተኛዎቹ ጫፎች በግግር በረዶ ተሸፍነው ነበር። በእነዚህ ከፍታዎች የሚታየው ጥቁር አፈር አብዛኛው የተፈጠረው በረዶው ከቀለጠ በኋላ በነበሩት ሺህ ዓመታት ነው።

አፈሩን የፈጠረው የዓለት መፈረካከስ ብቻ አይደለም። ጓሳው፣ አስታውና ጅባራው ሥራቸውን ሰድደው ዓለቱን ይሰነጥቃሉ፤ ቅጠላቸውም ሲረግፍ ትላትል፣ ፈንገስና ባክቴሪያ ወደ ብስባሽነት ይለውጡታል። በከፍታው ቅዝቃዜ ሳቢያ ብስባሹ ቀስ ብሎ ስለሚበሰብስ በአፈሩ ውስጥ ተከማችቶ ይቆያል። ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት ሙጫ መሰል ንጥረ ነገር የአፈሩን ቅንጣቶች ያያይዛል፤ ትላትልም የሚቆፍሩት ቀዳዳ የዝናቡን ውሃ ወደ ውስጥ ያሰርጋል። ሕይወት ያለው አፈር ውሃን የሚይዝና ለጎርፍ በቀላሉ የማይበገር የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

መሬቱ ሲታረስና ሣሩ ሲመነጠር ግን ይህ ሂደት ይዛባል። በተለይም እበቱ ኩበት ሆኖ ሲነድ፣ ገለባውም ለከብት መኖ ሲውል ለአፈሩ ተሕዋስያን የሚመለስ ምግብ አይኖርም። ብስባሹ የተመናመነ አፈር ቅንጣቶቹ ስለሚበታተኑ የመጀመሪያዎቹ የክረምት ዝናቦች በቀላሉ ያጥቡታል።

ፕሮፌሰር ሁርኒ በጅንባር የተከተሉት ዘዴ ቀላል ቢሆንም ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነበር። ያልታረሰውን መሬት የአፈር ጥልቀት ከታረሰው ጋር በማነጻጸር፣ እርሻ ከተጀመረበት ጊዜ ወዲህ የታጠበውን መጠን አስልተዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናትም በኢትዮጵያ በአንድ ሄክታር መሬት ላይ በዓመት የሚፈጠረው አፈር እንደየአካባቢው ከ2 እስከ 22 ቶን እንደሚደርስ ገምተዋል።

በስሜን የተጀመረው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አገር አቀፍ ደረጃ አደገ። በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ተቋቁሞ በወሎ ማይባር፣ በሰሜን ሸዋ አንዲት ጢድ፣ በጎጃም አንጀኒና በሌሎችም ስፍራዎች ጣቢያዎች ተከፈቱ። በጣቢያዎቹ 2 ሜትር ስፋትና 15 ሜትር ርዝመት ባላቸው መደቦች ግርጌ ጎርፉ በማጠራቀሚያ እየተያዘ ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ ተለክቷል።

ከልኬቶቹ በመነሳት ፕሮፌሰር ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ1988 ይፋ ያደረጉት ግምት በመስኩ እስከ ዛሬ በስፋት ይጠቀሳል። በግምቱ መሠረት ከአንድ ሄክታር የእርሻ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል፤ ይህም 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ነው። በዚህ ስሌት 10 ሴንቲ ሜትር አፈር በ25 ዓመታት፣ ማለትም በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይጠረጋል። በአገር አቀፍ ደረጃ በዓመት ከቦታው የሚነሳው አፈር 1 ነጥብ 5 ቢሊዮን ቶን ገደማ እንደሆነም ተገምቷል። ከዚህ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የሚታጠበው ከአገሪቱ ስፋት 13 በመቶ ያህሉን ብቻ ከሚይዘው የእርሻ መሬት ነው።

ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ1986 ለልማት ሠራተኞች ያዘጋጁት መመሪያ እንደየአየር ጠባዩና እንደ መሬቱ ተዳፋትነት የሚስማማውን የእርከን ዓይነት የሚያመለክት ነበር። በአንጀኒ የተሠራውና አፈሩ ወደ ላይ የሚጣልበት ፋንያ ጁ የተሰኘው እርከን በዓመታት ውስጥ ተዳፋቱን ወደ ደረጃማ ማሳነት ለውጦታል።

ይሁን እንጂ ምርምሩ የእርከንን ውስንነትም አሳይቷል። እርከን የአፈሩን መታጠብ በእጅጉ ቢቀንስም ከማሳው ላይ ቦታ ይወስዳል፤ ዝናብ በሚበዛባቸው ደጋዎችም ውሃ እንዲተኛ በማድረግ ሰብሉን ሊጎዳ ይችላል። ምርቱ ወዲያው ስለማይጨምር ጠባብ መሬት ያለው አርሶ አደር እርከኑን ለማፍረስ የሚገፋፋበት ጊዜ አለ። የሰሜን ጎንደር አርሶ አደር ትርፍ ውሃን ለማስወገድ ከጥንት ጀምሮ የሚያወጣው ፈሰስም ቢሆን በአግባቡ ካልተቀየሰ ወደ ቦይነት ይለወጣል።

በመሆኑም የእርከን ሥራ ከአፈሩ ሕይወት ጋር ተቀናጅቶ መከናወን ይኖርበታል። በእርከኑ ላይ የመኖ ሣር መትከል መከታውን ከማጠናከሩም በላይ ለተወሰደው ቦታ ካሳ ይሆናል። ገብስን ከባቄላ ጋር ማፈራረቅ በባቄላው ሥር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው አፈሩን እንዲያዳብሩ ያስችላል። ኮምፖስት ማዘጋጀትም የተመናመነውን ብስባሽ ይተካል።

እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ እስከ 2017 ቆይቷል። በፓርኩ ክልል ይኖሩ የነበሩ የግጭ ነዋሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። እርሻና ልቅ ግጦሽ የቆመባቸው ተዳፋቶች በሣር ሊሸፈኑ ይችላሉ፤ የታጠበው አፈር ግን በዚያው ፍጥነት አይመለስም። ከኮሶዬ እስከ ደባርቅ ያሉት ማሳዎች በሚቀጥለው ትውልድ ዘመንም እህል እንዲያበቅሉ የሚያስችለው ዋነኛ ሥራ ገና ያልታጠበውን አፈር በየክረምቱ በስፍራው ማቆየት ነው።