«ሃምሳ ብር» እና «ብር 50»፦ ስለ ገንዘብ ምልክት አቀማመጥ

በአማርኛ መጠንን የሚያመለክት ቃል ከስሙ ይቀድማል፤ «ሃምሳ ብር» እንላለን። በደረሰኝና በውል ላይ ግን «ብር 50» ተብሎ ይጻፋል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የዚህን መገለባበጥ ምክንያት ከታሪክ መፈለግ ነው።

ነገሩ በእኛ ቋንቋ ብቻ የሚታይ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን የእንግሊዝ የሒሳብ ጸሐፊዎች መጠኑን በሮማውያን አኃዝ ጽፈው፣ «ሊብራ» የተሰኘውን የላቲን ቃል በአሕጽሮት ከኋላው ያስከትሉ ነበር። የዛሬው የፓውንድ ምልክት የዚሁ ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው፤ እየቆየ ግን ከአኃዙ ፊት መቀመጥ ለመደ። የዶላር ምልክትም፣ ፍሎሪያን ካጆሪ እንዳስረዳው፣ በ18ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ላይ «ፔሶ» ከሚለው ቃል አሕጽሮት የተወለደ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው «አምስት ዶላር» እያለ ምልክቱን ከ5 በፊት ይጽፋል።

ምልክቱ መቅደሙ ጥቅም አለው። አንባቢው የገንዘቡን ዓይነት አስቀድሞ ያውቃል፤ ከአኃዙ ፊትም ሌላ አኃዝ ሾልኮ እንዳይገባ ይከለክላል። ይሁንና ግዴታ አይደለም። ፈረንሳዮችና ጀርመኖች የዩሮን ምልክት ከኋላ ያስቀምጣሉ። ፖርቱጋሎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 ዩሮ እስኪተካው ድረስ የኤስኩዶን ምልክት በኤስኩዶውና በሴንታቮው አኃዝ መካከል ያሰፍሩ ነበር። እንግዲህ ቦታውን የሚወስነው የጽሕፈት ልማድ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ «ብር» መጀመሪያ የማዕድን ስም ነው፤ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራም በዚሁ ስም ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው የወረቀት ገንዘብ በእንግሊዝኛ «ዶላር» ሲባል በአማርኛ «ብር» ይል ነበር፤ በሁለቱም ቋንቋ «ብር» የሆነው በ1976 ነው። ስሙ ከሕዝቡ አንደበት የተገኘ ነው፤ ከአኃዝ ፊት መቆሙ ግን ከእንግሊዝኛው የሒሳብ አጻጻፍ ጋር መመሳሰሉን ልብ ይሏል።

ውል ጸሐፊው «ብር 50 (ሃምሳ ብር)» ሲል ሁለቱን ሥርዓት ጎን ለጎን ያኖራል፤ ፊተኛው የዓይን፣ ኋለኛው የአንደበት ነው። ስለዚህ የቆዩ ደብዳቤዎችንና ውሎችን ለኅትመት የምናዘጋጅ ሁሉ «ብር 50»ን «50 ብር» ብለን ለማቃናት አንቸኩል። ሰዋስው ያረምን መስሎን፣ ጸሐፊው ከየትኛው የጽሕፈት ልማድ እንደተማረ የሚነግረንን ምስክር እንፍቃለንና።