ኬክ ኩፍ ሳይል ስለሚቀርበት ምክንያት



እንግዳ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው፥ ዱቄቱና ቅቤው፥ ስኳሩና ዕንቁላሉ በመጽሐፍ እንደ ታዘዘው ተመጥኖ የተጋገረው ኬክ መካከሉ ጎድጉዶ ከምድጃ ሲወጣ፥ በቤት ውስጥ የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፤ «ሙያ የላትም» ይባላል። ይህ ፍርድ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ግን ነገሩን ከታሪኩ ጀምሮ መመርመር ይገባል።

ኬክ ኩፍ የሚለው በሊጡ ውስጥ የተያዘው አየር ወይም ጋዝ በእሳት ኃይል ሲሰፋ ነው። በቀድሞ ዘመን አየሩን የሚያስገባው፥ ለድፎ ዳቦአችን እንደምናደርገው እርሾ፥ አለዚያም የሰው ክንድ ነበር። ሐና ግላስ የተባለች እንግሊዛዊት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1747 ዓ.ም. ባሳተመችው የወጥ ቤት መጽሐፍ፥ የኬክ ሊጥ አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲመታ ታዝዛለች። በ1796 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካዊቷ አሚሊያ ሲመንስ ከእንጨት አመድ ተጣርቶ የሚወጣ ጨው ሊጡን እንዲያነሣ በመጽሐፏ አስገባች።

ከዚያ በኋላ በ1843 ዓ.ም. አልፍሬድ በርድ የተባለ የበርሚንግሃም መድኃኒት ቀማሚ፥ ባለቤቱ ዕንቁላልና እርሾ የማይስማማት ስለ ነበረች፥ ለእርሷ ሲል ሶዳን ከአሲድ ጋር አዋሕዶ ቤኪንግ ፓውደር ሠራ። ሁለቱ ውሃ ሲነካቸው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ያወጣሉ። በ1856 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሊቅ ኤበን ሆርስፎርድ ለዚሁ ሥራ የሚሆን የፎስፌት አሲድ አዘጋጅቶ የባለቤትነት መብት አገኘ። በ1890ዎቹም ጀርመናዊው አውጉስት ኧትከር ለ500 ግራም ዱቄት የሚበቃውን መጠን በትንሽ ከረጢት እያሸገ ለእመቤቶች ሸጠ።

እንግዲህ የብልሽቱ ምክንያት ከዚሁ ታሪክ ይገኛል። ውሃ የሚያነቃው ዱቄት ቆርቆሮው ክፍት ሆኖ ሲሰነብት እርጥበት ስቦ ኃይሉን ይጨርሳል፤ ጥቂቱን በሙቅ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ አረፋ ካላወጣ ጣሉት። ሊጡ ከተለወሰ በኋላ ሳይጋገር ቢቆይ ጋዙ ያመልጣል። ምድጃው አስቀድሞ ባይግል ወይም ኬኩ ሳይጸና ቢከፈት፥ ያበጠው ተመልሶ ይወድቃል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልትሉት የሚገባው ግን የአገራችን ከፍታ ነው። እነዚያ መጽሐፎች የተጻፉት አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ወለል እምብዛም በማይርቁ ከተሞች ሲሆን፥ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ስለ ሆነ ውሃ በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ92 ገደማ ይፈላል፤ ጋዙም ከመጠን በላይ ይሰፋል። ኬኩ ፈጥኖ ያብጣል፤ ነገር ግን ግድግዳው ሳይጸና ይፈነዳና ይሰምጣል። ስለዚህ ኬኩ ሰመጠ ብሎ ቤኪንግ ፓውደር መጨመር ጥፋቱን ያብሰዋል። ይልቁንስ ከታዘዘው ሩብ ያህሉን ቀንሱ፤ ውሃውን ወይም ወተቱን በጥቂት ማንኪያ ጨምሩ፤ የምድጃውንም ሙቀት በ10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጉ።

አንባቢያን ሆይ፥ ለቆላ የወጣ ደንብ ሳይሻሻል በደጋ ቢሠራበት ጉድለቱ የደንቡ እንጂ የሠራተኛው እንዳልሆነ በየመሥሪያ ቤታችሁ ታውቃላችሁ። በቤታችሁም ፍርዱ እንዲሁ ይሁን፤ መጽሐፉን ሳትመረምሩ እመቤቲቱን አትውቀሱ።