ጥቁር አዝሙድና የኢብኑ ሲና መመዘኛ፦ ከራያ ቆላ ለሚነሣ ጥያቄ

በቆቦና በራያ ቆላ ጥቁር አዝሙድ ከበርበሬው ጋር ይደለዛል፤ ለሆድ ሕመምም ይወሰዳል። በወሎ ሼኽ አስተማሪ ብቻ ሳይሆን አስታራቂና መካሪም ሆኖ ስለኖረ፣ የሕመም ጥያቄም ወደ እርሱ ይመጣል። በሐዲስ የተወደሰው ይህ ፍሬ ሥር የሰደደ የአንጀት መቆጣትን ይፈውሳልን? የሐኪምን መድኃኒትስ ይተካልን? ለዚህ ጥያቄ የቀደሙት ዑለማእና ሐኪሞች ሥራ መንገድ ያሳያል።

ሐዲሱ በሰሒሕ አል-ቡኻሪ የሕክምና ክፍል ሰፍሯል። አብሮት የተዘገበው ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ጋሊብ ኢብኑ አብጀር በመንገድ ላይ ታሞ መዲና ሲገባ፣ ሊጠይቀው የመጣው ኢብኑ አቢ ዐቲቅ አምስት ወይም ሰባት ፍሬ ተወቅጦ፣ ከዘይት ጋር ተደባልቆ በአፍንጫው እንዲንጠባጠብ መከረ። መጠኑም አወሳሰዱም የተለየ ነበር። አል-ኸጣቢም የሐዲሱ ቃል አጠቃላይ ቢሆንም የተፈለገበት ትርጉም የተወሰነ መሆኑን አስረድተዋል።

ኢብኑ ሲና (እ.ኤ.አ. 980–1037) በአል-ቃኑን ሁለተኛ መጽሐፍ የመድኃኒት መፈተኛ ደንቦችን ደንግጓል። ከእነዚህ አንዱ ፈተናው በሰው አካል ላይ እንዲሆን ያዝዛል፤ በአንበሳ ወይም በፈረስ ላይ የታየ ውጤት ለሰው ማስረጃ ላይሆን ይችላልና።

ይህ መመዘኛ ዛሬም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1963 ኤል-ዳኻኽኒ የተባለ ተመራማሪ ከጥቁር አዝሙድ ዘይት ታይሞኪኖን የተሰኘውን ውህድ ለየ። በ2003 የወጣ ጥናት ውህዱ የአይጦችን አንጀት ከመቆጣት እንደጠበቀ አሳየ። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን ማስረጃው ከአይጥ የተገኘ ነው። በሰው ላይ ከተፈተኑት መካከል የእርድ ውህድ የሆነው ኩርኩሚን ይገኛል። በ2006 በወጣ የጃፓን ጥናት የትልቁ አንጀት ቁስለታቸው ጋብ ካለላቸው ሕሙማን መካከል፣ ኩርኩሚን ከተሰጣቸው 43ቱ በስድስት ወር ውስጥ ያገረሸባቸው 2 ብቻ ሲሆኑ፣ ካልተሰጣቸው 39ኙ ግን 8 ነበሩ። ሁሉም የተለመደውን መድኃኒት አላቋረጡም ነበር። በአንጻሩ በ2011 የወጣ የእጣን ሙጫ ሙከራ፣ ክሮን በተባለው የአንጀት ሕመም ላይ ሙጫው መድኃኒትነት ከሌለው አምሳያ ያልበለጠ መሆኑን አሳይቷል።

ስለዚህ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የያዘውን ሰው ኢማሙ አስቀድሞ ወደ ምርመራ ይላከው። አሜባ፣ ቢልሃርዚያና የአንጀት ቲቢ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ፤ የእያንዳንዳቸው መድኃኒት ግን የተለያየ ነው። ጥቁር አዝሙዱን በምግቡ ውስጥ ቢወስድ አይነቀፍም። የታዘዘለትን መድኃኒት እንዲያቋርጥ የሚመክረው ሰው ግን ሐዲሱን ከአል-ኸጣቢ ማብራሪያ ውጭ፣ ፍሬውንም ከኢብኑ ሲና መመዘኛ ውጭ መጠቀሙ ነው።