ርኅራኄው ተቀብሮ ጭካኔው የተረፈበት ቋንቋ

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጨካኙን ሰው «ሩትለስ» ይለዋል። ቃሉ ሲፈታ «ሩት የሌለው» ማለት ነው፤ ሩት ደግሞ ርኅራኄ ናት። ዛሬ ግን ደጉን ሰው «ሩት አለው» ብሎ የሚያመሰግን የለም። ገጣሚው ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1637 «ሊሲዳስ»ን ሲጽፍ ቃሏ ገና በሕይወት ነበረች። በኋላ አሉታዋ ቀረ፣ እሷ ተረሳች።

ዕጣው የእሷ ብቻ አይደለም። ጸጉሩ የተንጨባረረ ሰው «አንኬምፕት» ይባላል፤ ያልተበጠረ ማለት ነው። የተበጠረው «ኬምፕት» ግን ከዕለት ንግግር ወጥቷል።

«ሰው ክፉውን እንጂ ደጉን አያወራም» ብሎ መደምደም ይቀላል። ታሪኩ ግን ከዚያ ይሰፋል። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የገዢዎች ቋንቋ ሆነ። «መርሲ» እና «ፒቲ» የተባሉት የምሕረትና የርኅራኄ ቃላት ከዚያው ገብተው የሩትን ወንበር ወረሱ። ሥሩ ሲደርቅ ቅርንጫፉ ለብቻው ለመለመ።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የ«አንኩት» ታሪክ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ኩት» የታወቀ፣ «አንኩት» ያልታወቀ ማለት ነበር። ስድብ አልነበረም። ውሎ አድሮ ያልታወቀው «ያልተለመደ» ተባለ፤ ቆይቶም «ያልሠለጠነ፣ ባለጌ» ሆኖ ቀረ። ሰውየው ያጠፋው ነገር የለም፤ ጥፋቱ አለመታወቁ ብቻ ነው። በስኮትላንድ ግን ከዚያው ሥር የበቀለው «ኩቲ» እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ትርጉሙም ወዳጃዊ፣ ቤተኛ ማለት ነው። የሚያውቁት ደግ፣ የማያውቁት ባለጌ! አንድ ሥር ሁለቱንም ፍርድ ሰጠ።

ይህን አንብቦ በእንግሊዞች መፍረድ አይከብድም። አማርኛ ለማያውቀው ሰው «እንግዳ» የሚል ቃል አለው፤ እንግዳ ደግሞ እግሩ ይታጠባል፣ ከመሶቡ ይቀርባል። ግን ያው አማርኛ «መጤ» የሚል ቃልም አለው። «መጣ» ከሚለው ግሥ የተወለደ፣ በራሱ ምንም ክፋት የሌለበት ቃል ነው። ዛሬ ሰው ከኖረበት ቀዬ «ውጣ» ሲባል የሚሰማው ግን ይኸው ቃል ነው።

«አንኩት» ባለጌ ለመሆን በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ፈጅቶበታል። «መጤ» ያን ያህል አልቆየም። ቃሉን ያከፋው መዝገበ ቃላት አይደለም፤ በየቀኑ የሚናገረው አፍ ነው። «እንግዳ»ንም ቢሆን ከዚያ መንገድ የሚያስቀረው ያው አፍ ነው።