አባይ ዳር ለመድረስ፦ የካርቱም ዳርቻና አካል ጉዳተኛው መንገደኛ

አባይን ለመጎብኘት ከአውሮፓ ይመጡ ከነበሩት መካከል ብዙ ሕመምተኞች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ሐኪሞች ሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውን ሰዎች ወደ ግብፅ ደረቅ አየር ይልኩ ነበር። ሉሲ ደፍ ጎርደን የተባለችው ጸሐፊ በዚሁ ምክንያት በ1862 ግብፅ ገባች፤ ብዙውን ጊዜዋን ሉክሶር አሳልፋ በ1869 ካይሮ ውስጥ አረፈች (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የጉዞ ወኪሉ ቶማስ ኩክ የእንፋሎት ጀልባዎቹን በወንዙ ላይ ሲያሰማራም እንዲህ ያሉ መንገደኞች ከደንበኞቹ መካከል ነበሩ። መራመድ ያቃተውን ሰው የአገሬው ሰዎች ተሸክመው ያወርዱታል፣ ያወጡታል። የሰው ትከሻ ርካሽ በሆነበት ዘመን መወጣጫ መሥራት ማንንም አላሳሰበም። የዛሬው ችግር ሥሩ እዚያ ይመስለኛል።

ካርቱም የዚያ ጉዞ ደቡባዊ ጫፍ ሆነች። የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር በ1898 ኦምዱርማን ላይ ድል ካደረገ በኋላ ፈራርሳ የነበረችውን ከተማ እንደ አዲስ አስቀየሳት፤ በ1899 መጨረሻ ከዋዲ ሐልፋ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ከጥቁር አባይ ማዶ ደረሰ። ድልድዩ እስኪሠራ ድረስ መንገደኛው ከባቡር ወርዶ በጀልባ ይሻገር ነበር። በወንዙ ዳር በትልልቅ ዛፎች የተጠለለው የናይል ጎዳና ተዘረጋ፣ ግራንድ ሆቴልም ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ተሠራ። ከተማዋ ሜዳ ናት። አዲስ አበባ ላይ ሽቅብና ቁልቁል ለሚያንገላታው የዊልቸር ተጠቃሚ እንዲህ ያለ መሬት ትልቅ ጸጋ በሆነ ነበር። ግን ከአስፋልቱ ወጣ ሲሉ አሸዋው ጎማ ይውጣል፤ ወደ ውሃው ልውረድ ሲሉ ደግሞ ዳርቻው ገደል ነው።

ይህ ገደል የእኛም ዝናብ ሥራ ነው። ጥቁር አባይ በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ የሚሰበስበውን ውሃ ይዞ ሲደርስ በካርቱም የወንዙ ከፍታ በብዙ ሜትር ይጨምራል፤ በበጋ መልሶ ይጎድላል። በ2020 ክረምት 17.66 ሜትር ደርሶ እስከዚያ ከተመዘገበው ሁሉ በልጦ ነበር። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ የተተከለ የጀልባ መሳፈሪያ ግማሹን ዓመት ውሃ ውስጥ ይሰጥማል፣ ግማሹን ደግሞ በደረቅ ጭቃ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ጀልባ ነጂዎች በየወቅቱ ጭቃውን በዶማ ፈልፍለው ደረጃ ያወጣሉ፤ ሳንቃ ይጋድማሉ። በክራንች የሚሄድ ሰው በዚያ ሳንቃ ላይ ሲራመድ ያየ ሁሉ ትንፋሹን ይውጣል። መፍትሔው አይታወቅም ማለት ግን አይደለም፦ ከውሃው ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ተንሳፋፊ መድረክና በማጠፊያ የተያያዘ ሰፊ መሸጋገሪያ። ባሕርና ወንዝ ያላቸው ብዙ አገሮች ከተጠቀሙበት ቆይተዋል።

ነጭና ጥቁር አባይ በሚገናኙበት አጠገብ ያለችው ቱቲ ደሴት ነገሩን ከማንም በላይ ታሳያለች። ነዋሪዎቿ ለትውልዶች ወደ ካርቱም የሚሻገሩት በጀልባ ብቻ ነበር። እግሩ የማይታዘዝለት የቱቲ ሰው ሐኪም ቤትም ሆነ ገበያ ለመድረስ ተሸካሚ መጠበቅ ነበረበት። በ2009 ተንጠልጣዩ ድልድይ ሲከፈት ተሽከርካሪ ደሴቲቱ ውስጥ ገባ፤ በእኛ ባጃጅ የምትባለው፣ እነሱ ራክሻ የሚሏት ባለ ሦስት እግር ከደጃፍ እስከ ደጃፍ ማድረስ ቻለች። ለአካል ጉዳተኞች ተብሎ የተሠራ ድልድይ አልነበረም። ሆኖም ለእነሱ ያደረገውን ያህል ከዚያ በፊት የወጣ የትኛውም ደንብ አላደረገም ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሰውን ተሸክሞ ማድረስን ግን ማናናቅ አልፈልግም። ሱዳን ውስጥ የታመመ ሰው በገመድ በተጠላለፈው አንገሬብ አልጋ ተነሥቶ ይሄዳል፤ በእኛ አገር በቃሬዛ ጸበል ይወርዳል። ጣና ላይ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዘጌ የሚወርድ ምእመን መራመድ ካልቻለ ከጀልባው እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በሰው ክንድ ይደርሳል። ላሊበላም ወደ ቤተ ክርስቲያኖቹ የሚወርደው ከዓለት የተፈለፈለ መንገድ ያለ ደጋፊ አይሞከርም። የአባይ ሰው በምንጩም በመገናኛውም ደካማውን ትቶ አያልፍም፤ ይህ ደግነት እውነተኛ ነው። ነገር ግን በሸክም የሚሄድ ሰው ሰዓቱን ራሱ አይመርጥም። መቼ እንደሚነሣ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደሚመለስ የሚወስኑት ተሸካሚዎቹ ናቸው። ከ2023ቱ ጦርነት በፊት ካርቱም ላይ ሲመሽ ሰው ሁሉ ወደ ናይል ጎዳና ወጥቶ ከሻይ ሻጭ ሴቶቹ ዘንድ ይቀመጥ ነበር፤ ከእነዚህ ሴቶች መካከል የእኛ አገር ልጆችም ብዙ ነበሩ። መቀመጫው መሬት የነካ አጭር በርጩማ ነበር። ከዊልቸሩ መውረድ የማይችል ሰው ጨዋታውን ከላይ ሆኖ ይሰማ ነበር፣ የጀበናው ጎን ግን አይደርስም ነበር። የጉዞ መጻሕፍት እንዲህ ያለውን ነገር አይጽፉም። ጉዞን ጉዞ የሚያደርገው ግን ይኸው ነው።

በወረቀት ላይ ሱዳን ወደ ኋላ አልቀረችም። የተባበሩት መንግሥታት በ2006 ያወጣውን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2009 አጸደቀች፤ ኢትዮጵያ የተከተለችው በ2010 ነው። የስምምነቱ 9ኛ አንቀጽ ስለ ተደራሽነት ይደነግጋል፤ 30ኛው ቱሪዝምንና መዝናኛን ስሙን ጠርቶ ያነሣል። ሱዳን በ2017 የራሷን የአካል ጉዳተኞች ሕግ አወጣች። ሕግ ወደ ውሃው ዳር ሲወርድ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ግሪክን ይመልከት። እዚያ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ወንበር ተፈልስፎ በብዙ የባሕር ዳርቻዎች ተተክሏል፤ ተጠቃሚው የማንንም እጅ ሳይጠብቅ ራሱ ቁልፉን ተጭኖ ባሕር ይገባል፣ ሲበቃውም ይወጣል። የሱዳን ባሕር ከዚህ የሚያንስ ውበት የለውም። ፈረንሳዊው የባሕር ተመራማሪ ኩስቶ በ1963 ሰዎችን ከባሕር በታች ያኖረው ከፖርት ሱዳን ወደ ሰሜን በሻዓብ ሩሚ ነው፤ የሳንጋነብ ኮራል በ2016 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ምድር ላይ የሚከብደውን አካል ውሃ ተሸክሞ ያቀለዋል፤ ክፋቱ ከወደቡ እስከ ጀልባው፣ ከጀልባው እስከ ውሃው ያለው መሰላል ነው።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ካርቱም ላይ ሲፈነዳ ይህ ሁሉ የሽርሽር ጉዳይ መሆኑ ቀረ። መሮጥ የቻለ ሮጠ፤ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ዋዲ ሐልፋ፣ ወደ መተማ። አውቶቡስ መወጣጫ የለውም፣ የጦር ሜዳም ረዳት አይመድብም። በዚያው ዓመት ኅዳር ኦምዱርማንን ከሰሜን ካርቱም (ባሕሪ) የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይ ተመታ፤ ቱቲም ተከብባ መውጫ መግቢያዋ በታጣቂ እጅ ወደቀ። በአንድ ድልድይ ላይ ሕይወቱን የመሠረተ ሰው ድልድዩ ሲዘጋበት የሚሆነውን ከዚህ በላይ መግለጽ አያስፈልግም። ስምምነቱ በ11ኛ አንቀጹ አካል ጉዳተኞችን በጦርነት ጊዜ መጠበቅን ያዛል፤ ካርቱም ውስጥ ያንን አንቀጽ ያስታወሰ የታጠቀ ወገን ነበረ ለማለት ይከብደኛል።

ሠራዊቱ መጋቢት 2025 መሐል ከተማውን መልሶ ከያዘ ወዲህ ሰዎች እየተመለሱ ነው። በ1971 የተከፈተውና በግድብ ውሃ ከመዋጥ የተረፉትን የኑቢያ ቤተ መቅደሶች በግቢው ያቆመው ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፎ ተገኝቷል። የናይል ጎዳና ሕንፃዎች ተቃጥለዋል። የመንገዱ ጠርዝ፣ የሙዚየሙ በር፣ የጀልባው መሳፈሪያ ዳግም መሠራታቸው አይቀርም። የሚመለሰው ሕዝብ ግን የሄደው ሕዝብ አይደለም፤ ጥይትና ፍንዳታ እጁን እግሩን የወሰደበት በመካከሉ አለ። ለእንግዳ አካል ጉዳተኛ ምን አዘጋጀሽ ተብላ ትጠየቅ የነበረችው ካርቱም ከእንግዲህ የምትጠየቀው ስለ ራሷ ልጅ ነው። መንግሥታት እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ሲወስኑ ከአካል ጉዳተኞችና ከማኅበሮቻቸው ጋር ተቀራርበው እንዲመክሩ የስምምነቱ 4ኛ አንቀጽ ያስገድዳል፤ ስለዚህ የመሳፈሪያው ንድፍ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ ቱቲ ላይ በዊልቸር የሚኖረው ሰው ከመሐንዲሱ ጎን መቀመጥ አለበት።